በትልቅ ሆስፒታል ታካሚ የሚደክመው የት ላይ ነው?

ከትልቅ ሆስፒታል የተመለሰን ሰው «እንዴት ነበር?» ብትሉት ስለ በሽታው ከመናገሩ በፊት ስለ ወረፋው ይነግራችኋል። ካርድ ክፍል ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ላብራቶሪ «ከሰዓት ተመለስ» እንዳለው፣ መድኃኒቱን ከውጭ እንዲገዛ እንደታዘዘ፣ ዶክተሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል እንደሸኘው ያወራል። ሐኪም ፊት የተቀመጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ቀን ያለቀው ከመስኮት መስኮት ሲዞር ነው። ታካሚን ከሕመሙ እኩል የሚያደክመው ይህ መካከል ላይ ያለው ጊዜ ይመስለኛል። በአንዱ መስኮትና በሌላው መካከል፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል መካከል፣ በሐኪሙ ቋንቋና በታካሚው ቋንቋ መካከል ማንም በግልጽ የማይጠብቀው ክፍተት አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ቀበሌዎች ተነስቶ ሆሳዕና፣ ሲብስም አዲስ አበባ የሚደርስ ታካሚ እነዚህን ክፍተቶች ሁሉ ያልፋል።

በሆሳዕና ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ሙሉ ስሙ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። እሌኒ የሀዲያው ገዥ (ገራድ) ልጅ ነበሩ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነው ቤተ መንግሥት ገቡ። ለታካሚው የሚበጀው ግን ሆስፒታሉ ሁለት ሥራ በአንድ ግቢ እንደሚሠራ ማወቁ ነው፤ ከታች ያሉት ተቋማት ያልቻሉትን በሽተኛ ይቀበላል፣ የነገዎቹን ሐኪሞችም ያስተምራል። ታካሚ ከሚያጋጥሙት ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሀዲያ ዞን ነዋሪ 1.23 ሚሊዮን ገደማ፣ ያኔ ከምባታ ጠምባሮ ይባል የነበረው ዞን ደግሞ 680 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ምን ያህል እንደጨመረ የየቤቱን ልጆች ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ ይገምታል፤ ከምባታ በሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚዎቹ አካባቢዎች አንዱ ነው። ዱራሜ አጠቃላይ ሆስፒታል አላት፤ ሺንሺቾ፣ ሾኔና ሆማቾም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አሏቸው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሰንሰለቱ አለ። ችግሩ ብዙ ሰው ሰንሰለቱን ዘሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ መምጣቱ ነው፤ የሚዘለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጤና ጣቢያው «መድኃኒት የለም»፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ ሁለት ጊዜ የመለሰው ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይሞክርም። እንዲህ እያለ በጤና ጣቢያ ሊያልቅ የሚችል ሳልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የልብ ሕመም ካለበት ሰው ጋር እዚያው ትልቁ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ይሰለፋል።

ይህን ሰንሰለት መዝለል ሊገቱ ከሚችሉ መንገዶች አንዱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከከምባታ ደምቦያ አንዷ ነበረች፤ ማለትም ይህ አካባቢ መድኑን ከአገሪቱ ቀድሞ ካዩት ውስጥ ነው። አባልነቱ የቤተሰብ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የመድኑ አባል ሕክምናውን የሚጀምረው በጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ ላይ የሚያልፈውም ሪፈር ተጽፎለት ነው። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ ከወጪው አንድ ክፍል በራሱ ላይ ይወድቃል። ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። መድኑ ያልያዛቸውም አሉ፤ የዓይን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የኩላሊት እጥበት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በሌላ በኩል የቲቢ ሕክምና፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድና የኤች አይ ቪ ሕክምና መድን ኖረም አልኖረ በመንግሥት ተቋም በነፃ የሚሰጡ ናቸው።

የመድን ካርድ የያዘ ሰው በትልቅ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ የሚናደደው ፋርማሲው መስኮት ላይ ነው። መድኑ የሚሸፍነው ውል የተገባበት ተቋም ያለውን ነውና፣ መድኃኒቱ እዚያ ካልተገኘ ወጪው ከኪስ ይወጣል። በአንዳንድ ቦታ ወረዳው ከቀይ መስቀል ወይም ከከነማ ፋርማሲ ጋር ውል ስላለው ሆስፒታሉ የሌለውን ከዚያ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ማዘዣውን ይዞ ወደ ከተማ ከመሮጥ በፊት የሆስፒታሉን የመድን ተጠሪ «ውል ያለው ፋርማሲ አለ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። አንድ ጥያቄ ናት፤ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቃት ይከፍላል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። ታካሚው ከገጠር ሌሊት ተነስቶ፣ መኪና አግኝቶ፣ ጧት ይደርሳል። ሌላውም እንደዚያው። የተመላላሽ ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ስለሆነ ሰኞ ላይ የሦስት ቀን ታማሚ ይጠራቀማል። መጀመሪያ የልየታ ክፍል አለ፤ ሰዎች ትሪያጅ የሚሉት። ከዚያ ካርድ ክፍል። አሠራሩ ለአንድ ታካሚ አንድ የካርድ ቁጥር ብቻ ነው የሚለው፤ የድሮውን ቁጥር የያዘች ትንሽ ወረቀት የጠፋችበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፣ የአምናው የደም ግፊቱ መዝገብና የመድኃኒቱ ዝርዝር አሮጌው ካርድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ሐኪሙም ሰውየውን እንደ አዲስ ያየዋል፣ ምርመራውንም እንደ አዲስ ያዘዋል። ወረቀቷን ስልክ ላይ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ድካም ያስቀራል።

ከካርድ በኋላ ያለው ወረፋ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። አንደኛው ሐኪሙን ለማየት የሚጠብቀው ነው። ሁለተኛው ላብራቶሪና ራጅ ጨርሶ ውጤቱን ለሐኪሙ ለማሳየት የተመለሰው ነው። ሁለቱም አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ውጤት የያዘው «እኔ ጧት ገብቻለሁ፣ ላሳይ ብቻ ነው» ይላል፤ ያልገባው «እኔስ መቼ?» ይላል። በሩ ላይ ያለው ነርስ ወይም ጥበቃ በሁለቱ መካከል ይጨቃጨቃል። ከሰዓት በኋላ ውጤቶች በአንድ ጊዜ ሲወጡ ደግሞ ሁሉም ወደዚያ በር ይመለሳል። ጧት የታየ ሰው አሥር ሰዓት ላይ «ዶክተሩ ወጥቷል፣ ነገ» የሚባለውም በዚህ ነው፤ ነገ ማለት ደግሞ ለገጠር ሰው ሌላ የመኪና ሒሳብ ወይም የአልጋ ኪራይ ነው። ለሁለቱ የተለያየ ሰዓት ወይም የተለያየ በር መመደብ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ለምን በየቦታው እንደማይደረግ ለእኔ አይገባኝም።

ሐኪሙስ ጧት የት ነበር? በማስተማሪያ ሆስፒታል ጧት የሌሊቱ ተረኛ ያደረውን የሚያስረዳበት ስብሰባ አለ፤ ቀጥሎ የተኙ ታካሚዎች የሚታዩበት ራውንድ አለ። ስፔሻሊስቱ ወደ ተመላላሽ ክፍል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሪደር ላይ ከነጋ የተቀመጠ ሰው ግን ይህን አይነገረውም፤ የሚያየው የተዘጋ በር ብቻ ነው። «ሐኪሙ ራውንድ ላይ ነው፣ አራት ሰዓት አካባቢ ይጀምራል» ብሎ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ቢኖር ሰውየው ሄዶ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ሌላ ሥርዓት ነው። እዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ አይደለም፤ ለከፋበት ነው። ነርሷ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ንቃት አይታ ታካሚውን ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ትለዋለች። ቀይ የሆነ ወዲያው ይገባል፤ አረንጓዴው ይጠብቃል። ከእሱ በኋላ የደረሰ ሰው ሲያልፈው «ዘመድ ስላለው ነው» ብሎ የሚቆጣ አስታማሚ በየቀኑ አለ፤ አንዳንዴም እውነቱን ይሆናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለሙ ነው። እየጠበቀ ሳለ ሕመሙ ከተለወጠ፣ ማለትም ካስታወከ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካንቀላፋ፣ ቀለሙም ይለወጣልና ነርሷን ተመልሶ መጥራት ተገቢ ነው። ድንገተኛ ታካሚ መጀመሪያ ይታከማል፣ ክፍያ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ አሠራሩ ይህ ነው።

ታካሚው ከተኛ በኋላ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል። ጧት አንድ ወጣት መጥቶ መቼ እንደታመመ፣ ምን እንደበላ፣ ወንድሞቹ በምን እንደሞቱ ይጠይቀዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ መጥቶ ያንኑ ይጠይቃል። ቀጥሎ አሥር የሚሆኑ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች አልጋውን ከበው፣ ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ተነጋግረው፣ ሳይሰናበቱት ያልፋሉ። «ምን ሆኜ ነው?» የሚለው ፍርሃት የሚይዘው ያኔ ነው። የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ምናልባት የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ ኢንተርን ነው። በራውንዱ ላይ ውሳኔውን የሚሰጠው ሲኒየር የሚባለው ስፔሻሊስት ነው። ድግግሞሹ ሙሉ በሙሉ ጉዳት አይደለም፤ አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል። ነገር ግን ራውንዱ ሲያልቅ አንድ ሰው ተመልሶ «አባቴ፣ የተነጋገርነው ይህን ነው» ካላለው ለታካሚው የቀረለት ጭንቀት ብቻ ነው። ኢንተርኑን ለይቶ ማወቅና ከራውንድ በኋላ እሱን መጠየቅ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በዎርዱ ብዙ ሰዓት የሚገኘው እሱ ነው።

ተማሪ ፊት መመርመር ግዴታ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299 ታካሚ ስለሚደረግለት ሕክምና ተነግሮትና ፈቅዶ እንዲታከም፣ ምስጢሩም እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በተለይ ምጥ ላይ ያለች ወይም የማህፀን ምርመራ የሚደረግላት ሴት «ሰው ይቀነስልኝ» ወይም «መጋረጃው ይዘጋልኝ» ብትል የምትጠይቀው መብቷን ነው። ፈቅጃለሁ ብሎ የመፈረሚያው ወረቀትም ሳይነበብ አይፈረም። ማንበብ የማይችል ሰው አስነብቦ፣ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚነካ፣ ሌላ መንገድ ካለ ምን እንደሆነ ጠይቆ ነው መፈረም ያለበት።

ስለ ቋንቋ ደግሞ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ትልቁ ክፍተት እዚህ ይመስለኛል። ሀዲይሳና ከምባቲሳ የአንድ የኩሽ ቋንቋዎች ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ቢቀራረቡም የተለያዩ ናቸው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እንደማንኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ባለሙያ ከመላ አገሪቱ ይቀበላል። ስለዚህ ከጎንደር ወይም ከሐረርጌ የመጣ ወጣት ሐኪም በገጠር ቀበሌ ኖረው አማርኛ ያልለመዱ እናት ፊት ይቀመጣል። ወጣቱ በእንግሊዝኛ የተማረውን በአማርኛ ያስባል፣ እናቲቱ ሕመማቸውን በሀዲይሳ ይናገራሉ፣ በመካከላቸው አንድ ሰው መቆም አለበት። ያ ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ልጃቸው ነው፤ ልጅ ከሌለ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ጥበቃው፣ አለዚያም ጎረቤት አልጋ ላይ ያለ አስታማሚ ነው።

ከልጅ ጋር የሚፈጠረው ነገር ይህ ነው። እናት በልጃቸው ፊት ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ማህፀን መውጣት፣ ስለ ሽንት አለመቆጣጠር አይናገሩም። «ወገቤን ያመኛል» ይላሉ። ልጁም «ወገቧን ያማታል» ይላል። የወገብ ማስታገሻ ይታዘዛል። ማንም አልዋሸም፤ የመጡበት ነገር ግን አልተነገረም። ከማያውቁት ሰው ጋር ደግሞ ምስጢር ይቀራል፤ በተለይ ውጤቱ ኤች አይ ቪ ወይም ቲቢ ሲሆን፣ ያስተረጎመው ሰው የአንድ ቀበሌ ሰው ከሆነ ወሬው ከታካሚው ቀድሞ አገር ቤት ይገባል። መድኃኒት ሲሰጥም እንዲሁ ነው። «በየስምንት ሰዓቱ» የተባለው «በቀን ሦስቴ» ይሆንና፣ ጧት፣ ቀትርና ማታ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ሌሊቱ ያለ መድኃኒት ያልፋል።

መፍትሔው ሁልጊዜ አስተርጓሚ መቅጠር አይደለም። ሆስፒታሉ ውስጥ ሀዲይሳ ወይም ከምባቲሳ የሚናገሩ ነርሶችና አዋላጆች አሉ። ታካሚው ወይም አስታማሚው «ሲስተር፣ ቋንቋችንን የሚችል ባለሙያ ይጠራልን» ማለት ይችላል፤ ለማህፀን ጉዳይ ሴት ባለሙያ መጠየቅም ነውር የለውም። ሁለተኛው ነገር ሐኪሙ ያለውን መልሶ መናገር ነው፤ «እንግዲህ ይህን ጧትና ማታ፣ ይኸኛውን ለአሥር ቀን፣ ካተኮሰኝ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ እመጣለሁ፤ ልክ ነኝ?» ብሎ። ብዙ ሰው ሐኪም ፊት «እሺ» ማለት አክብሮት ስለሚመስለው ያልገባውንም እሺ ይላል። ሐኪሙ ደግሞ እሺታውን እንደ መግባባት ቆጥሮ ቀጣዩን ይጠራል።

ሌላው ክፍተት የሚሞላው በአስታማሚ ነው። አገራችን ውስጥ ተኝቶ መታከም ማለት ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ መተኛት ማለት ነው። አስታማሚው ናሙና ላብራቶሪ ያደርሳል፣ ውጤት ያመጣል፣ ጓንትና መርፌ ከውጭ ይገዛል፣ ታማሚውን ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ጉሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ነርሷን ይጠራል፣ ሌሊት አልጋው ሥር ነጠላ አንጥፎ ይተኛል። አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ ተረኛ በሆነችበት ዎርድ ይህ ሁሉ ሥራ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ አስታማሚው አንድ ቀን ቢጠፋ ግን ዎርዱ ምን እንደሚሆን ነርሶቹ ያውቁታል። ምግቡም ከቤት ይመጣል፤ ቆጮው፣ ሾርባው፣ ለታመመ ሰው የሚሠራው የቡላ ገንፎ። ስኳር ላለበት ወይም ጨው ለተከለከለ ሰው ምን ማምጣት እንዳለባቸው ዘመዶች ካልተነገራቸው ግን በቤት ፍቅር የመጣው ምግብ የዎርዱን ሕክምና ያፈርሰዋል። ይህም መጠየቅ ያለበት ነው፤ «የተከለከለ ምግብ አለ?»

ወጪውም በቤተሰብ ላይ ይሰራጫል። የዕድር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ያደርሳል፣ ጎረቤት ከብት ይጠብቃል፣ ዘመድ ገንዘብ ያዋጣል። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዙ ነውና በጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ልጅ የሚልከው ገንዘብ ስንቱን ኤም አር አይና ቀዶ ሕክምና እንደከፈለ የየቤቱ ሰው ያውቃል። ይህ ገንዘብ ያለው ታካሚ ወደ ግል ክሊኒክ ወይም በመንግሥት ሆስፒታሎች ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ከፍ ባለ ክፍያ ወደሚታከሙበት ፕራይቬት ዊንግ ይሄዳል። የሌለው ደግሞ ወረፋ ላይ ይቀራል። አንድ ሐኪም ጧት በመደበኛው ወረፋ፣ ማታ በተከፈለበት ክፍል ሲሠራ የሚያሳየው ፊት ይለያያል ብለው የሚያሙ አሉ፤ ሁልጊዜ ሐሜት ብቻ አይደለም። ግን ማታ የሚያያቸው ታካሚዎች ጥቂት መሆናቸውም አይዘንጋ።

በጤና ዘርፍ ይህ ሁሉ የማይታወቅ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት በመጀመሪያው ዙር የያዘው ርእስ የታካሚ እርካታ ነበር። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የነበረው የጤናው ዘርፍ የሽግግር ዕቅድ ደግሞ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። እርካታን መለካት ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። አልጋ ላይ የተኛን ሰው የሆስፒታሉ ሠራተኛ መጥቶ «ረክተዋል?» ቢለው ምን ሊል ነው? «ተመስገን፣ እግዜር ይስጣቸው» ይላል። ነገም መርፌ የሚወጋው ያው ሰው ነው። በአሜሪካው የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አጭር መጠይቅ ይህን ለማለፍ ይሞክራል። ስለ እርካታ ብቻ ሳይሆን ስለ ሆነው ነገር ይጠይቃል፦ ነርሶች በአክብሮት አነጋገሩህ? ሐኪሙ በሚገባህ መንገድ አስረዳህ? ሕመምህ እንዲታገስ ተደረገ? መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ተነገረህ? ለእነዚህ መልስ መስጠት ስለ ደስታ ከመናገር ይቀላል፤ ሆስፒታሉም ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል።

የታካሚን ቅሬታ ንቆ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል ሀብታም አገሮችም አይተውታል። በእንግሊዝ አገር ስታፎርድ ሆስፒታል ቤተሰቦች ታማሚዎቻቸው በቆሻሻ አንሶላ እንደተተዉ፣ የሚጠጣ ውኃ እንዳጡ ለዓመታት ሲያመለክቱ፣ ሆስፒታሉ ትኩረቱ የገንዘብ ሒሳቡና የተሰጡት የቁጥር ግቦች ላይ ነበር። በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ ከጎደሉት ነገሮች አንዱ የታካሚን ድምፅ መስማት መሆኑን አስፍሯል።

የባለሙያውም ቀን ቀላል አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ በብዙ ቦታ የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ማነስ ምክንያት ከፊል ሥራ ማቆም አድርገው ነበር። ሌሊቱን ተረኛ ያደረ፣ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ደመወዝ የሚከፈለው ሐኪም ሠላሳኛው ታካሚ ላይ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ይችላል። ይህ ስድብንና ግልምጫን ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን «ሩህሩህ ሁኑ» የሚል ፖስተር ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሠላሳውን ሰው ወረፋ አያሳጥርም።

በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ታካሚ አለ። ሪፈር ሲጻፍ ሊያዘን የሚባለው ክፍል ተቀባዩን ሆስፒታል በስልክ አነጋግሮ አልጋ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ይጠበቃል። ይህ ሳይደረግ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በር ላይ «አልጋ የለም» መባል ከሁሉ የከፋ ነው። ስለዚህ መኪና ከመከራየት በፊት «ማን ተቀበለን? ስሙና ስልኩ ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ብቻ መንገድ እንዳልሆነም ይታወቅ፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት ወራቤ፣ ሐዋሳ፣ ወላይታ ሶዶ ወይም ጅማ ሊበቃ ይችላል። ለካንሰር የጨረር ሕክምና ግን ጥቁር አንበሳ ከ20 ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ብቸኛው ስለነበር ዛሬም የብዙ ሰው ጉዞ የሚያበቃው እዚያ ነው፤ ቀጠሮው ይረዝማል፣ የማደሪያው ወጪም ከሕክምናው ሊበልጥ ይችላል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ታካሚዎች ማረፊያ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው።

ለዚህ ጉዞ የሪፈር ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። የራጁ ፊልም፣ የሲቲ ስካኑ ሲዲ፣ የናሙና ውጤቱ፣ እስካሁን የተወሰደው መድኃኒት ስምና መጠን አብረው መሄድ አለባቸው፤ አለዚያ ሁሉም ከዜሮ ይታዘዛል፣ ከዜሮም ይከፈላል። ሲመለሱ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ወረቀት አለ። ሪፈር የተቀበለው ሆስፒታል ምን እንዳገኘና ምን እንዳደረገ ጽፎ ወደ ላከው ተቋም የሚመልሰው ነው። ሳይጠየቅ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ፣ ተቀብለው በቀበሌዎ ላለው ጤና ጣቢያ ይስጡ። የደም ግፊትና የስኳር ክኒኖች በብዙ ጤና ጣቢያዎች ስላሉ፣ በወረቀቱ ላይ መጠኑ በግልጽ ከተጻፈ የየወሩ ክትትል እዚያው ሊሆን ይችላል።